ቦታውን የማይለቅ አራት ነጥብ

በእስራኤል፣ በቂርያት ማላኪ፣ በገዴራው ሻፒራ ሰፈር ወይም በያቭኔ፣ የቤተ እስራኤልን የስግድ በዓል ጥሪ በሁለት ቋንቋ የሚጽፍ ሰው በአንድ ገጽ ላይ ሁለት ተቃራኒ ጉዞ ያስተናግዳል። ዕብራይስጡ ከቀኝ ይነሣል፤ አማርኛው ከግራ። ኮምፒውተር የሚጻፈውን እየተከተለ የሚያደርገው እርማት ምን ያህል ሙያ እንደፈሰሰበት የሚታየው እንዲህ ባለ ገጽ ላይ ነው።

«ስግድ» ራሱ ቀላል ነው። በድምፅ ተመሳሳይነት በሚሠሩት የአማርኛ ኪቦርዶች ሦስት ቁልፍ ሦስት ሳድስ ፊደል ይሰጣል፤ የሚታረም የለም። «ሰገዱ» ሲሆን ግን ሥራ አለ። የኤስ ቁልፍ ሲነካ መጀመሪያ «ስ» ትወጣለች፤ አናባቢው ሲከተል የኪቦርዱ ፕሮግራም እሷን አጥፍቶ በቦታዋ «ሰ»ን ያኖራል። «ግ» ወደ «ገ»፣ «ድ» ወደ «ዱ» እንዲሁ ይለወጣሉ። በአንዲት አጭር ቃል ሦስት ጊዜ ተጽፎ ሦስት ጊዜ ተሰርዟል፤ ጸሐፊው ግን መሰረዙን ልብ አይለውም።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ አራት ነጥቡ ነው። በብዙዎቹ ኪቦርዶች የሁለት ነጥቡን ቁልፍ ሁለቴ ሲመቱት «።» ይሆናል። ለመልክ ብቻ የተደረገ ሊመስል ይችላል። በዕብራይስጥ አንቀጽ መጨረሻ የገባ የአማርኛ ዐረፍተ ነገር በላቲን ነጥብ ወይም በጥያቄ ምልክት ቢዘጋ ግን ምልክቱ ከመጨረሻው ቃል ተነጥሎ ከመጀመሪያው ቃል በስተግራ ይቀመጣል። እነዚህ ምልክቶች የራሳቸው አቅጣጫ ስለሌላቸው የአንቀጹን ይከተላሉ። «።»ን ግን የዓለም ፊደላት የጋራ ኮድ የሆነው ዩኒኮድ እንደ ፊደሎቻችን ሁሉ ከግራ ወደ ቀኝ የሚሄድ አድርጎ መዝግቦታል። ዙሪያው ሁሉ ዕብራይስጥ ቢሆንም ከቃሉ አይለይም።

እዚህ የተደረሰው በአንድ ጀምበር አይደለም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው 3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት ብዙዎቹ የአማርኛ ፎንቶች ፊደላችንን በላቲን ፊደላት ኮድ ላይ ያስቀምጡት ነበር። የጽሕፈት ፕሮግራሙ ወርድ ደግሞ በ1993 እ.ኤ.አ. በወጣው 6.0 እትሙ ሳይጠየቅ የሚያርመውን አውቶኮሬክትን ይዞ መጥቷል። አንቀጽ ሲጀመር ትንሹን የላቲን ፊደል በትልቁ ሲተካው፣ አማርኛው ላይ አንዱ ፊደል ሌላ ሆኖ ቁጭ ይል ነበር። ስለዚህ አማርኛ ጸሐፊው አውቶኮሬክቱን መዝጋት ነበረበት። ዛሬ ፊደላችን የራሱ ኮድ ስላለው፣ ትልቅና ትንሽ ስለሌለውም ያ ደንብ አይነካውም።

የወርድ መተኪያ ሰንጠረዥም ብልህ እጅ ይፈልጋል። «ቂማ» ብለው ጽፈው የክፍት ቦታውን ቁልፍ ሲነኩ «ቂርያት ማላኪ» እንዲወጣ ማድረግ ይቻላል። ሰንጠረዡ የሚያውቀው ግን ሙሉ ቃል ነው፤ «በቂማ» ወይም «ከቂማ» ሲጻፍ ዝም ይላል። በ፣ ከ፣ ለ፣ የ የተጨመሩበትን ሁሉ ለየብቻ ያስገባ ሰው የአማርኛን ጠባይ ያወቀ ባለሙያ ነው።

«ሰ»ን ከ«ሠ»፣ «ጸ»ን ከ«ፀ» መምረጡን ግን ኪቦርዱ ለጣት ትቶታል። ለእያንዳንዱ የየራሱን የቁልፍ አመታት ሰጥቶ ያበቃል። ይህም የሙያው አካል ነው፤ መልሱ አንድ በሆነበት ሳይጠየቅ ያርማል፣ ቃሉን ማወቅ በሚጠይቅበት እጁን ይሰበስባል። ስለዚህ ጥሪው ወደ ማተሚያ ከመሄዱ በፊት ፊደል ጠንቅቆ የሚያውቅ አንድ ሰው ያንብበው።