ከነሐስ የተሰፋ ካባ

ለንደን፣ ስትራንድ በሚባለው ጎዳና ላይ፣ ከሴንት ክሌመንት ዴንስ ቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊት ዊልያም ግላድስተን ካባ ደርበው ቆመዋል። የሊበራል ፓርቲው መሪ አራት ጊዜ የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነዋል፤ ያረፉት እ.ኤ.አ. በ1898 ነው። ቀራፂው ሃሞ ቶርኒክሮፍት ሐውልቱን በ1899 ጀምሮ በ1905 ጨረሰው። መንገደኛው አውቶቡስ እንዳያመልጠው ሲጣደፍ ቀና ብሎም አያየውም። ቆም ብሎ ላስተዋለ ሰው ግን ከፊታቸው ቀድሞ ዓይን የሚይዘው ካባቸው ነው።

የቀራፂው የመጀመሪያ ብልሃት እዚህ ላይ ነው። የዚያ ዘመን ባለሥልጣን የሚለብሰው ኮትና ሱሪ ለነሐስ አይመችም፤ እግሮቹ ሁለት ቱቦ ይመስላሉ፣ ደረቱ ይደርቃል። ጠቅላይ ሚኒስትርም የማዕረግ ልብስ የለውም። ግላድስተን ግን የገንዘብ ሚኒስትርነትንም አራት ጊዜ ይዘውታል፤ ሁለቱን ጊዜ ከጠቅላይ ሚኒስትርነቱ ጋር ደርበው ነው። የገንዘብ ሚኒስትሩ ደግሞ በወርቅ ያጌጠ ጥቁር የሐር ካባ አለው። ቶርኒክሮፍት እሱን አለበሳቸው።

ያ ካባ የራሱ ታሪክ አለው። በ1852 መጨረሻ ግላድስተን ሥልጣኑን ከቤንጃሚን ዲዝሬሊ ሲረከቡ፣ ካባውም አብሮ እንዲተላለፍላቸው ጠየቁ። ዲዝሬሊ የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር የዊልያም ፒት ነበር ብለው ያመኑበትን ልብስ አልሰጥም አሉ። ሁለቱ ሰዎች ደብዳቤ ተጻጻፉ፣ ተኳረፉ፤ ካባው ግን ከዲዝሬሊ እጅ አልወጣም። ዛሬም ሂዩንደን በሚገኘው መኖሪያ ቤታቸው ይታያል። ግላድስተን ስትራንድ ላይ የደረቡትን ግን ማንም አይነጥቃቸውም።

አሁን ወደ እጥፋቶቹ ጠጋ እንበል። ጨርቁ ከትከሻ ተነሥቶ በራሱ ክብደት ቁልቁል ይወርዳል። ነሐስ ጥቁርንና ወርቅን ለይቶ ማሳየት አይችልም፤ ስለዚህ ቀራፂው የቀለሙን ሥራ ለጥላ ሰጠው። ጌጡ ከጨርቁ ከፍ ስለሚል ብርሃን ያገኘዋል፣ ረጅሙ እጥፋት ጠልቆ ስለሚገባ ጨለማ ይይዛል። የለንደን ሰማይ ዳምኖ እንኳ ልብሱ ጠፍጣፋ አይመስልም። ውስጥ ሰውነት እንዳለ፣ ሽማግሌውም ቀጥ ብለው እንደቆሙ ከካባው አወራረድ ይታወቃል። ሐር እንዴት እንደሚወድቅ በደንብ ያየ እጅ ነው ይህን የሠራው።

ላይ ያለው ሰው ረግቷል፤ እንቅስቃሴው ሁሉ ታች ነው። በድንጋዩ መቆሚያ ዙሪያ አራት የነሐስ ሴቶች አሉ፦ ድፍረት፣ ወንድማማችነት፣ ትምህርትና የላቀ ምኞት። ድፍረት ሕፃን ከልላ ጎራዴ አንሥታ ከእባብ ጋር ተናንቃለች። ክንዷ ወደ ላይ ተወጥሯል፣ ሰውነቷ ወደ ጎን ተጠማዟል፣ ልብሷም የትግሉን አቅጣጫ ተከትሎ ተጠምዝዟል። የላይኛውን ካባ የሚጎትተው ክብደት ነው፤ የእሷን ቀሚስ የሚጎትተው ጉልበት ነው። ያው ብረት፣ ያው እጅ፣ ሁለት ዓይነት ጨርቅ። የሰውየውን ፊት ለማየት አንገት ማቅናት ስለሚያስፈልግ፣ ለመንገደኛው በእውነት የሚቀርቡት እነዚህ ሴቶች ናቸው፤ የሐውልቱ ምርጥ ሥራም በእነሱ ላይ ያረፈ ይመስለኛል።

ቶርኒክሮፍት ለወገን የሚያደላ ሰው ቢሆን ይህን ሥራ መቀበል በከበደው ነበር። ከዚያ በፊት የብሪታንያዊውን ጄኔራል የጎርደንን ሐውልት የሠራው እሱ ነው። ጎርደን በ1885 ካርቱም ላይ ሲገደሉ፣ ርዳታ አዘግይተው አስገደሏቸው ተብለው በሕዝብ የተወገዙት ግላድስተን ነበሩ። ቀራፂው ጎርደንን መጽሐፍ ቅዱስ ይዘው በሐሳብ እንደተዋጡ አቆማቸው፤ ግላድስተንን በማዕረግ ልብሳቸው። ለሟቹም ለተከሳሹም እኩል ጥንቃቄ አደረገ። የጎርደን ሐውልት ዛሬ በቴምዝ ወንዝ ዳር፣ ቪክቶሪያ ኤምባንክመንት ላይ ነው፤ ከስትራንድ በእግር ግማሽ ሰዓት አይፈጅም፣ በአንድ ከሰዓት ሁለቱን ማስተያየት ይቻላል።

ከኢትዮጵያ የመጣን ተመልካች ግላድስተን ሌላም ስም ያስታውሱታል፦ መቅደላ። በ1868 በአፄ ቴዎድሮስ ላይ የዘመተው ጦር መቅደላን ሲዘርፍ መንግሥቱ የዲዝሬሊ ነበር። ግላድስተን በ1871 ጠቅላይ ሚኒስትር ሳሉ በምክር ቤት ተነሥተው፣ የወርቁ ዘውድና ጽዋ ከኢትዮጵያ መወሰዳቸው በጣም እንደሚያሳዝናቸው ተናገሩ፤ ለሀገሬው የተቀደሱ ሊሆኑ እንደሚችሉም አልሸሸጉም። ቁጭታቸው ግን ዘውዱን ወደ ሀገሩ አልመለሰውም፤ አሁንም እዚያው ለንደን፣ በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም አለ። ከመቆሚያው ሥር ካሉት አራት ሴቶች መካከል ፍትሕ የምትባል የለችም። በግላድስተን ላይ የምንሰጠው ፍርድ እንደ ፈለገው ይሁን፤ የቶርኒክሮፍት የእጅ ሥራ ግን ከዚያ ፍርድ ተለይቶ ለብቻው ሊመዘን ይገባዋል፣ ሲመዘንም ሙሉ ነው።