ያላነበብነውን መጽሐፍ ስንተች



በቅርቡ ከጁሙዓ ሰላት በኋላ ዓለም ባንክ በሚኖር አንድ ወዳጄ ቤት ለምሳ ተቀምጠን ነበር። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሆነው ልጁ የባዮሎጂ መጽሐፉን ይዞ መጣና፣ «አባዬ፣ አዳዲስ የእንስሳት ዝርያዎች የሚገኙት እንዴት ነው?» ሲል ጠየቀ። አባትየው መጽሐፉን ሳያይ፣ «ሰው ከዝንጀሮ መጣ የሚለው የዳርዊን ተረት ነው፤ ወዲያ በለው!» አለው። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ወጣ። እኔም እንግዳ ነኝ ብዬ ዝም አልኩ። ዝምታዬ ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

እስኪ እንጠያየቅ። ዳርዊን ስለ ዝርያዎች አመጣጥ የጻፈው መጽሐፍ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1859 ነው። ከምናወግዘው መካከል ስንቶቻችን ገልጠነዋል? የመጀመሪያው ምዕራፍ ስለ ዝንጀሮ ሳይሆን፣ ሰው ስለሚያረባቸው እንስሳት፣ በተለይም ስለ ርግብ በሰፊው ያወሳል። በየሠፈራችን ርግብ የሚያረቡ ልጆች እንደሚያውቁት፣ አርቢው የወደደውን እየመረጠ ካራባ ከትውልዶች በኋላ መልኩ የተለየ ርግብ ያገኛል። ዳርዊንም ሰው በመምረጥ ይህን ያህል ከለወጠ፣ ረሃብ፣ ብርድና አዳኝ እንስሳት በረጅም ዘመን ምን ያህል ይለውጡ ይሆን ብሎ ተነሣ። ስለ ሰው አመጣጥ በዚያ መጽሐፍ ያለው ጠቆም ያለ ቃል ብቻ ነው፤ በሰፊው የጻፈው በ1871 ነው። ያኔም ያለው ሰውና ዝንጀሮ የጋራ ጥንታዊ ዘር አላቸው እንጂ፣ ሰው ዛሬ ከምናየው ዝንጀሮ ተወለደ አይደለም።

መጽሐፉን መተቸት ለሚሻ እውነተኛ ድክመቶች አሉት። ዳርዊን የወላጅ ጠባይ ወደ ልጅ እንዴት እንደሚተላለፍ አያውቅም ነበር፤ የሜንዴል ጥናት የታተመው በ1866 ነው። ከዚህም በላይ፣ ርእሱ ስለ ዝርያዎች አመጣጥ ቢልም፣ አንዱ ዝርያ እንዴት ለሁለት እንደሚከፈል ያስረዳበት ክፍል ደካማ ነው። ይህን ጉድለት የሞሉት ኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ናቸው።

ለዚህ ምሳሌው ሩቅ አይደለም፤ ጣና ሐይቃችን ነው። ላቢዮባርበስ የሚባሉት የጣና ዓሦች፣ ከታች ካሉት የዓባይ ዓሦች በጢስ ዓባይ ፏፏቴ ተለይተው ይኖራሉ። የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች በ1990ዎቹ አጥንተው 15 ዝርያዎች ለይተዋል። አንዱ ቀንድ አውጣ ይበላል፣ ሌላው ሣር፤ ስምንቱ ደግሞ ዓሣ አዳኞች ናቸው፤ የአፋቸውም ቅርፅ እንደ ምግባቸው ይለያያል። ከፊሎቹ በክረምት እንደ ጉማራ ወዳሉ ወንዞች ወጥተው ይራባሉ፤ ሌሎቹ ወንዝ ሲወጡ አልታዩም። ቦታና ጊዜ ለይተው የሚራቡ ዓሦች ብዙም አይዳቀሉም፤ ካልተዳቀሉም ልዩነታቸው ከትውልድ ወደ ትውልድ እየሰፋ ይሄዳል። በዘረመል ግን አሁንም እጅግ የተቀራረቡ ናቸው። መለያየቱን በመንገድ ላይ እንዳለ የምናየው ያህል ነው። እነዚሁ ዓሦች ለመራባት ወደ ወንዝ ሲጎርፉ በመረብ ስለሚታፈሱ ቁጥራቸው ክፉኛ ተመናምኗል። ተረት ነው ብለን የምናልፈው ነገር ዓይናችን እያየ ሊጠፋ ይችላል ማለት ነው።

በሌላ በኩል፣ «ይህን ሁሉ ከዳርዊን በፊት አል-ጃሒዝ ተናግሮታል» የሚሉ ወንድሞች አሉ። የበስራው ሊቅ በ9ኛው መቶ ዘመን ስለ እንስሳት በጻፈው ታላቅ ሥራ፣ አንዱ ሌላውን እየበላ እንደሚኖርና አካባቢ በፍጡራን ላይ እንደሚሠራ በጥንቃቄ ተመልክቷል። የዳርዊንን ሐሳብ ግን አልጻፈም። ያላለውን አለ ማለትም ሊቁን ማክበር አይደለም።

ውድ አንባቢ፣ በአባታችን አደም (ዐ.ሰ.) አፈጣጠር ላይ ያለን እምነት ከወሕይ የመጣ ነው። ሳይንስም በበኩሉ ሰውን ከሌሎቹ ፍጥረታት የዘር ሐረግ ለይቶ አያየውም። ይህ ልዩነት መኖሩን ከልጆቻችን ልንሸሽግ አይገባም፤ ቢሸሸግም ከትምህርት ቤት ይሰሙታል። ልጁ አባቱ ስለ ዓሣውና ስለ ርግቡ ሳያጣራ እንደተናገረ ባወቀ ቀን፣ ስለ ዲኑ የነገረውንም መጠራጠር ይጀምራል። የሚያስፈራኝ ይህ ነው። ዲናችን ያለ ዕውቀት መናገርን ከልክሏል፤ ክልከላው ለምንቃወመው ሰውም ይሠራል።

ልጅዎ መጽሐፉን ይዞ ሲመጣ አብረውት ይግለጡት። ያላወቁትን «አላውቅም፣ እንጠይቅ» ይበሉት። እኔም ኢንሻአላህ ወደዚያ ቤት ተመልሼ፣ ያን ጊዜ ዝም ያልኩትን ልጅ ስለ ጣና ዓሦች አጫውተዋለሁ።

ወላሁ አዕለም።