«ደወለ»፣ «ጠራ»፣ «ተያዘ»፦ በስልክ መስመር ኢንተርኔት ስያሜዎች ላይ የቀረበ ሒስ

የሙያ ቃላት ዝርዝር ሲገመገም የተለመደው አሠራር እያንዳንዱን ቃል በየተራ አንሥቶ፣ ሥርወ ቃሉን መርምሮ፣ ከእንግሊዝኛው አቻው ጋር አስተያይቶ «ተስማሚ ነው» ወይም «አይደለም» ብሎ መፍረድ ነው። ይህ አሠራር ለመዝገበ ቃላት ዝግጅት አስፈላጊ መሆኑ አይካድም። ይሁን እንጂ አንድ ስያሜ በትክክል የሚፈተነው ብቻውን በቆመበት ሳይሆን ሥራ በሚሠራበት ዐረፍተ ነገር ውስጥ ነው። በዝርዝር ላይ ሲታይ እንከን የማይወጣለት ቃል፣ አንድ ሰው መመሪያ እያነበበ ገመድ ሲሰካና ቁጥር ሲያስገባ፣ ከጎኑ ከተሰለፉት ቃላት ጋር ተጋጭቶ ሊገኝ ይችላል። በዚህ ጽሑፍ ለፈተናው የተመረጠው ሥራ አሮጌ ኮምፒዩተርን፣ ለምሳሌ ዊንዶውስ 98 የተጫነበትን፣ በሞደምና በተራ የስልክ መስመር ከኢንተርኔት ጋር ማገናኘት ነው፤ በተለምዶ «ዳያል አፕ» የሚባለው ማለት ነው።

ጊዜ ያለፈበት ሥራ ስለምን ተመረጠ የሚል አንባቢ ይኖራል። የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን በ1989 ዓ.ም. የኢንተርኔት አገልግሎት ሲጀምር ደንበኛው የሚገባው በዚሁ መንገድ ነበር። በአሜሪካ ስሙ ከዚህ አገልግሎት ጋር ተቆራኝቶ የኖረው ኤኦኤል የስልክ መስመር ኢንተርኔቱን ያቆመው መስከረም 20 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ቃላቱ ከአንደበት ሊጠፉ የተቃረቡ ሲሆኑ የተናገሯቸው ሰዎች ግን ዛሬም በሕይወት አሉ፤ ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ከዚህ የተሻለ ጊዜ አይገኝም። ከዚህም የሚበልጥ ምክንያት አለ። ኮምፒዩተር ለአማርኛ እንግዳ ሆኖ ሲመጣ ስልክ እንግዳ አልነበረም። ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ሕዝቡ ስለ ስልክ ሲነጋገር ኖሯል፤ ማንም ኮሚቴ ሳይሰበሰብ የራሱን ስያሜ አደላድሏል። ዳያል አፕ ሁለቱን መሣሪያዎች ያገናኘ በመሆኑ፣ ስያሜ አውጪው ያንን የተደላደለ ሀብት ተጠቅሞበታል ወይስ አልፎት ሄዷል የሚለው ጥያቄ እዚህ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

«ስልክ» ራሱ ከዐረብኛ የመጣ ውሰት ሲሆን በምንጩ «ሽቦ» ማለት ነው። («ሽቦ አልባ ስልክ» ስንል «ሽቦ አልባ ሽቦ» ማለታችን መሆኑ ማንንም አላስቸገረም፤ ሥርወ ቃል ተናጋሪን አያስርም።) «ደወለ» ከ«ደወል» የወጣ ግስ ነው። ለእነዚህ ሁለት ቃላት ተናጋሪው የጨመረላቸው ቅጥልጥል ግን የሚያስደንቅ ነው። ደዋዩ ይደውላል፤ በእርሱ ጆሮ ስልኩ «ይጠራል»፤ በተቀባዩ ቤት ግን ስልኩ «ይጮኻል»። ከዚያ ወይ «ይነሣል» ወይ «አይነሣም»። መስመሩ «ይያዛል»፣ «ይቋረጣል»፣ ወይም ጭራሹኑ «መስመር የለም»። ሲበቃ «ይዘጋል»። እያንዳንዱ ግስ የራሱ ባለቤትና የራሱ ጊዜ አለው፤ «ይጠራል፣ ግን አይነሣም» የሚለውን ዐረፍተ ነገር የሚሰማ ሰው የትኛው ሽቦ ጤነኛ፣ የትኛው ወገን ዝምተኛ እንደሆነ ወዲያው ይረዳል።

አሁን ወደ ኮምፒዩተሩ እንለፍ። ዊንዶውስ መደወል ሲያቅተው ምክንያቱን በቁጥር ይናገራል። 680 ማለት የመደወያ ድምፅ አልተሰማም ማለት ነው፤ መድኃኒቱ ከግድግዳው ወደ ሞደሙ የሚሄደውን ገመድ መመልከት ነው። 676 ማለት በሌላው ጫፍ ያለው መስመር ተይዟል ማለት ነው፤ መድኃኒቱ ቆይቶ መሞከር ነው። 678 ሲሆን የተደወለለት አልመለሰም፤ ቁጥሩ መመርመር ይኖርበታል። 691 ሲሆን ደግሞ መስመሩም ሞደሙም ደኅና ናቸው፤ የተበላሸው የተጠቃሚው ስም ወይም የይለፍ ቃሉ ነው። አራቱ ምክንያቶች ሰውየውን ወደ አራት የተለያዩ ቦታዎች ይልኩታል። በአማርኛ የቴክኒክ ጽሑፍ የሠለጠነው ልማድ ግን ለአራቱም «ግንኙነቱ አልተሳካም» ወይም «ግንኙነት የለም» ማለትን ይመርጣል። «ግንኙነት» ክቡር ቃል ነው፤ ዲፕሎማሲንም፣ ፍቅርንም፣ ንግድንም ይሸከማል። ሰፊ መሆኑ ነው ጥፋቱ። የመንደር ነዋሪ በቃል የሚለየውን «መስመር የለም»፣ «መስመሩ ተይዟል»፣ «አይነሣም» የሚል ልዩነት፣ የተማረው ተርጓሚ በአንድ የነገር ስም አድበስብሶታል። ውጤቱም ቁጭት ብቻ አይደለም፤ የይለፍ ቃሉን የሳተ ሰው ገመድ ሲነቅልና ሲሰካ፣ ገመዱ የተነቀለበት ሰው ደግሞ የይለፍ ቃሉን ደጋግሞ ሲጽፍ ይውላል። አንድ ስያሜ ሰውን ወደ ተሳሳተ ቦታ ከመራ ምንም ያህል ቢያምር ስያሜነቱ ከሽፏል።

ይህን ስንል የሕዝቡ የስልክ አማርኛ እንዳለ ይገልበጥ ማለታችን አይደለም፤ እርሱም ጎደሎ አለው። ቀዳሚው ጎደሎ ራሱ «ደወለ» ነው። «ስልኩ ደወለ» ሲባል ጮኸ ማለት ሊሆን ይችላል፤ «ከበደ ደወለ» ሲባል ግን ስልኩን ያስጮኸው እርሱ ነው። ደዋዩ ሰው እስከሆነ ድረስ አሻሚነቱ አያስቸግርም፤ ሰው እንደ ደወል አይጮኽምና። ደዋዩ ሞደም ሲሆን ግን ሌላ ነገር ይመጣል። «ሞደሙ ሲደውል ይጠብቁ» የሚል መመሪያ ያነበበ ሰው፣ ሞደሙ ቁጥር እያስተላለፈ ነው ወይስ ከውጭ ተደውሎለት እየጮኸ ነው? ሞደም ሁለቱንም ይችላል። መፍትሔው ከቋንቋው ውስጥ አለ፤ «ቁጥር መታ» የሚለው አነጋገር። «ሞደሙ ቁጥሩን እየመታ ነው» ቢባል ጥርጣሬ አይቀርም።

«መታ» ሌላም ጥቅም አለው። አሮጌ መስመሮች ቁጥርን የሚያስተላልፉት ኤሌክትሪኩን በማቋረጥ ነበር፤ ለ3 ሦስት ጊዜ፣ ለ7 ሰባት ጊዜ፣ በብዙ አገሮች ለ0 ዐሥር ጊዜ፣ በሰከንድ 10 ያህል። ይህ እንደ ልብ ምት ያለ «ምት» ነው፤ እንግሊዝኛውም የሚጠራው በዚያው በልብ ትርታ ቃል ነው። አዲሱ ዐይነት ደግሞ ለእያንዳንዱ ቁጥር ሁለት ድምፆችን በአንድነት ይለቃል፤ ለምሳሌ 5 የ770 እና የ1336 ኸርዝ ድምፆች ጥምር ነው። ይህን «ቃና» ብንለው ማን ይቃወማል? ስለዚህ ሞደሙን የሚያዘጋጅ ሰው የሚጠየቀው ምርጫ «በምት» ወይም «በቃና» ይሆናል። ሞደሙ በላቲን ፊደል የሚቀበለው ትእዛዝም ለምት «ኤ ቲ ዲ ፒ»፣ ለቃና «ኤ ቲ ዲ ቲ» ነው። በአንዳንድ ጽሑፎች «ምት» የሚባለውን «ፐልስ»፣ «ቃና» የሚባለውን «ቶን» ብሎ መተው ይታያል፤ ስንፍና ነው።

ውሰት ሁሉ ስንፍና ነው ማለት ግን አይደለም። «ሞደም» ይቆይ። ቃሉ በእንግሊዝኛው ከሁለት የሙያ ቃላት ጫፍና ጫፍ የተቆራረሰ በመሆኑ የሚተረጎም ሥር የለውም፤ «መለወጫ» ወይም «ቀያሪ» ቢባል ከኤሌክትሪክ ኃይል መቀየሪያ አይለይም፤ ከዚህም በላይ ቃሉ በዕቃው ሣጥን ላይ ተጽፏል። «ሞደሙን»፣ «ሞደሞች»፣ «ባለ ሞደም» እያለ የአማርኛን የስም ርባታ ያለ ችግር ለብሷል። አደጋው የግስ ውሰት ላይ ነው። «ዳያል አደረገ»፣ «ዲስኮኔክት ሆነ» ስንል የውጭው ቃል እንደ ድንጋይ ቆሞ «አደረገ»ና «ሆነ» ብቻ ይረባሉ። «ደወለ» ግን «ደዋይ»፣ «መደወያ»፣ «አደዋወል»፣ «ተደወለ»፣ «አስደወለ»፣ «ተደዋወለ» እያለ አንድ ቤተ ሰብ ይወልዳል። ስም እንዋስ፤ ግስ ግን ከቤታችን እንፈልግ።

በዚህ አጋጣሚ የአዝራሩ ጽሑፍ ይነሣል። የአማርኛ ትእዛዝ አንቀጽ ጾታን ይለያልና «ደውል» ሴቲቱን ይረሳል፤ «ደውይ» ወንዱን። በዚያ ላይ «ደውል» የሚለው ግስና «ደወል» የሚለው ስም የሚለያዩት በአንዲት ፊደል፣ በ«ው» እና በ«ወ» ብቻ ነው፤ በደበዘዘ አሮጌ መስኮት ላይ ማንም አይለያቸውም። «ይደውሉ» የሚለው የአክብሮት አንቀጽ ሁለቱንም ችግር በአንድ ጊዜ ያስወግዳል።

ከቢሮ ማዞሪያ ጀርባ ያለ ኮምፒዩተር ወደ ውጭ ለመደወል መጀመሪያ አንድ ቁጥር፣ ለምሳሌ 9፣ መምታትና ጥቂት መቆየት አለበት። ቆይታውን ሞደሙ የሚረዳው በላቲኑ ኮማ ሲሆን እያንዳንዱ ኮማ በተለመደው አሠራር 2 ሰከንድ ያቆየዋል። ተርጓሚው «ከ9 ቀጥሎ ነጠላ ሰረዝ ይጻፉ» ቢል ቃል በቃል ትክክል ነው፤ ነጠላ ሰረዝ የኮማ አቻ ነውና። የአማርኛው ነጠላ ሰረዝ ግን ሌላ ምልክት ነው፤ ሞደም አያውቀውም። እዚህ ቦታ «ኮማ» ብሎ መዋስ ግዴታ ነው፤ ምክንያቱም የተፈለገው ሥርዐተ ነጥቡ ሳይሆን ምልክቱ ራሱ ነው። አቻ ፍለጋ የት ላይ ማቆም እንዳለበት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ለተማሪዎች ማቅረብ ያስቸግራል።

ስለ ግእዝ ጥምሮች ብዙ ተከራክረናል፤ እዚህ በአጭሩ ይለፍ። «በይነ መረብ» ውስጥ ያለው «በይነ» በግእዝ «መካከል» እንዲሁም «ስለ» የሚል ፍች ስላለው ግእዝ የሚያውቅ አንባቢ ለአፍታ ይደናቀፋል፤ ነገር ግን «በይነ መንግሥታት»ን የለመደ ጆሮ አልፎት ይሄዳል። «አውታረ መረብ» የተሻለ ዕድል አለው። አውታር የበገና ክር ነው፤ በስልክ መስመር የሚገባ ሰው ደግሞ በእውነት ያለው አንድ አውታር ብቻ ነው፤ ወደ መረቡ የሚደርሰው በእርሱ ነው። ችግሩ ሁለቱ ሲገናኙ ነው። «የአውታረ መረብ ግንኙነት ፈጥረው ከበይነ መረብ ጋር ይገናኙ» የሚል ዐረፍተ ነገር እናስብ፤ አንባቢው ሁለት መረብና ሁለት መገናኘት ይዞ የቱ ከየት እንደሚቀድም ይጨነቃል። «በስልክ መስመሩ ወደ ኢንተርኔት ይግቡ» ይበቃዋል። «የይለፍ ቃል»ን ግን ያለ ማመንታት አደንቃለሁ፤ «ይለፍ» ከፈቃድ ወረቀትና ከዘበኛ ፊት የመጣ፣ ሁሉም የሚያውቀው ቃል ነውና።

ሞደሞቹ ሲገናኙ የሚሰማው ጩኸት በእንግሊዝኛ በእጅ ለእጅ ሰላምታ ተመስሏል። «መጨባበጥ» ብሎ መተርጎም እጅ የሌላቸውን መሣሪያዎች እጅ ያስጨብጣል፤ ይህ እንኳ ይታገሡት ይሆናል፤ ይዘቱ ግን አይገጥምም። የተጠራው ሞደም የ2100 ኸርዝ ቃና ይለቃል፤ ከዚያ ሁለቱ መስመሩን ይፈትሻሉ፤ ንጹሕ ከሆነ ከፍ ባለ፣ ከቆሸሸ ዝቅ ባለ ፍጥነት ይስማማሉ። ይህ በግልጽ «ድርድር» ነው። ስምና የይለፍ ቃል የሚጠየቀው ከዚያ በኋላ ሲሆን እርሱ «ማንነት ማረጋገጥ» ተብሎ ይለይ። ድርድሩ ካልሰመረ ጥፋቱ የመስመሩ ወይም የሞደሞቹ፣ ማንነቱ ካልተረጋገጠ የስሙ ወይም የቃሉ ነው።

ሁለት ጥቃቅን ጥንቃቄዎች። ሞደሙ የሚሰካበትን ቀዳዳ «ወደብ» ማለት የሚቀናቸው አሉ፤ እንግሊዝኛው ግን እዚህ «በር» ከሚለው የላቲን ቃል የተወረሰ እንጂ መርከብ የሚያርፍበት አይደለም። «መሰኪያ» ይበቃል። ደግሞም «ቢት»ና «ባይት» አይምታቱ። በ1998 እ.ኤ.አ. የወጣው ቪ 90 የተባለው ደረጃ የሚፈቅደው እስከ 56 ኪሎ ቢት በሰከንድ ነው፤ ያውም ወደ ተጠቃሚው ለሚመጣው እንጂ ለሚልከው እስከ 33.6 ብቻ። «56 ኪሎ ባይት» ብሎ የተረጎመ ሰው ፍጥነቱን በ8 አባዝቷል፤ አንድ ሜጋ ባይት ፋይል ከሁለት ደቂቃ በላይ ሲወስድበት አንባቢው ኮምፒዩተሩን ይራገማል።

የመጨረሻው «ዘጋ» ነው። ሰው ስልክ ይዘጋል፤ መስኮትም ይዘጋል። የሚያነበውን ገጽ ጨርሶ መስኮቱን የዘጋ ሰው ስልኩን የዘጋ ሊመስለው ይችላል፤ መስመሩ ግን ክፍት ነው፤ ሒሳብ በደቂቃ በሚቆጠርበት አገልግሎት ቆጣሪው አይቆምም፤ ቤቱንም የሚደውል ሁሉ «ተይዟል» የሚል ድምፅ ይሰማል። «ግንኙነት አቋርጥ» የሚለው የተለመደ ትርጉም ሌላ ግራ መጋባት ያመጣል፤ «ተቋረጠ» በስልክ አማርኛ ሳይፈልጉት የሚደርስ ጉዳት እንጂ በፈቃድ የሚደረግ ሥራ አይደለምና። «ዘጋ» ይቀመጥ፤ ነገር ግን ያለ ተሳቢ ብቻውን አይጻፍ። በአንዱ አዝራር «መስኮቱን ይዝጉ»፣ በሌላው «ስልኩን ይዝጉ» ይባል።