ዝዝ የሚለው አውታር

ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ውስጥ በገና ለሚማሩ ልጆች አስቀድሜ የማሳያቸው ድርደራውን ሳይሆን የእንዚራውን ነገር ነው። የስልካቸው መቃኛ አረንጓዴ ሲያበራ ሥራው ያለቀ ይመስላቸዋል። ስልኩ ግን የድምፁን ከፍታ እንጂ ንዝረቱን አይለካም። እንዚራ፣ በአውታሩና አውታሩ በሚያርፍበት ብርኩማ መካከል የምትገባው ቁራጭ ቆዳ፣ ቦታዋን እስክታገኝ ድረስ ወደፊትና ወደኋላ ትገፋለች። ቦታዋን ከሳተች አውታሩ ደረቅ ይሆናል፤ ካገኘች ዝዝ ይላል፣ ድምፁም ቶሎ አይጠፋም።

«ታዲያ ጥርት ያለ ድምፅ አይሻልም?» ለሚሉኝ የጃፓኖቹን ሻሚሰን እጠቅሳለሁ። ሻሚሰን ረጅም አንገትና ቆዳ የተወጠረበት ሣጥን ያለው፣ ባለ ሦስት አውታር መሣሪያ ነው። በ16ኛው መቶ ዘመን የሻሚሰን ወላጅ የሆነው የኦኪናዋው ሳንሺን ወደ ጃፓን ሲገባ ቀድመው ከተቀበሉት መካከል ቢዋ የተባለውን ባለ አውታር መሣሪያ የሚጫወቱ ዓይነ ስውራን እንደነበሩ ይነገራል። ባቺ የሚባለው ሰፊ መምቻም፣ ንዝረቱም ከቢዋ የመጡ ናቸው ይባላል።

ንዝረቱን ሳዋሪ ይሉታል። አሠራሩ ያስቀናኛል። በአንገቱ ጫፍ ላይ ሁለቱ ቀጫጭን አውታሮች ትንሽ ድጋፍ ላይ ያርፋሉ፤ ወፍራሙ አንደኛ አውታር ግን ከድጋፉ ውጭ ተትቶ እንጨቱን በስሱ እየነካ ይነዝራል። ሌሎቹ ከእሱ ጋር በትክክል ከተቃኙ፣ እነሱ ሲመቱ እሱም ማንም ሳይነካው አብሮ ይነሣል። ቅኝቱ ሲዛነፍ ደግሞ ዝም ይላል። ተጫዋቹ መቃኛውን የሚያጠብቀው ይህን መልስ እያዳመጠ ነው።

በገና እንዲህ ያለ ምስክር የለውም። እያንዳንዱ አውታር የራሱ እንዚራ ስላለው አንዱ ለሌላው አይመሰክርም። ከ10ሩ አውታሮች ብዙውን ጊዜ የሚደረደሩት 6 ሲሆኑ የቀሩት የጣት ማረፊያ ናቸው፤ ግን ስድስቱን እንኳ እኩል ማስነዘር ትዕግሥት ይጨርሳል። እኔ በበኩሌ ይህን ጊዜ ከጸሎቱ አልለየውም። የሁዳዴ ምሽት ላይ ተቻኩሎ የተቃኘ በገና የደርዳሪውን ችኮላ ያጋልጣል።

የኦሃዮ ብርድ ሌላ ጣጣ አለው። የቤት ማሞቂያ አየሩን ያደርቃል። በዚህ ጊዜ በጣም ተወጥሮ በሙጫ የተጣበቀው የሻሚሰን ቆዳ ሊተረተር ይችላል። የእኛ የበግ አንጀት አውታርም ቅኝቱን ይለውጣል፤ ናይለን ድርቀቱን ይችላል፣ ድምፁን ግን አልወደውም። ስለዚህ በገናዬን ከማሞቂያው አርቄ አስቀምጣለሁ፣ ክፍሉ ውስጥም ውኃ በሰፊ ዕቃ አኖራለሁ።

ከሁሉ የሚያስቸግረኝ ግን የአዳራሽ ድምፅ ባለሙያ ነው። ዝዝታውን ሲሰማ ድምፅ ማጉያው የተበላሸ መስሎት ከፍተኞቹን ድምፆች ይቆርጣል፤ የሚቀረው የሞተ ጊታር ነው። አሁን ቀደም ብዬ እሄድና አንዱን አውታር ያለ እንዚራ፣ ቀጥሎም ከእንዚራው ጋር አሰማዋለሁ።