ስለ ምሽት ክበቦች ትዝታ፤ የዐዲስ አበባ ሌሊቶች በተራኪዎች አንደበት

የምሽት ክበብን ትዝታ ለባህል ጥናት እንደ ምንጭ አድርጎ ሊቀበል የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ሊጠይቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ተራኪው የሚናገረው ስለ የትኛው ሌሊት ነው? የሚል ነው። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ስለ ዐዲስ አበባ የምሽት ሙዚቃ በጋዜጣ፣ በራዲዮና በሸክላ መሸፈኛዎች ላይ የተነገረው ሲመረመር፣ አብዛኛው ይህን ሳይመልስ የሚያልፍ ሆኖ ይገኛል። «ያን ጊዜ» ይላል፤ «በደጉ ዘመን» ይላል፤ ከዚያም ስለ ልብሱ፣ ስለ ጫማው፣ ስለ ሳክሶፎኑ ድምፅ ይተርካል። የዚህ ሒስ ዓላማ እንዲህ ያለውን ትረካ ለመናቅ አይደለም፤ ምን ያህል ሊታመንና በምንስ ረገድ ሊጠቅም እንደሚችል ለመመዘን ነው እንጂ።

በመጀመሪያ የዘመን አቈጣጠር ነገር አለ። አንድ የዐዲስ አበባ ሽማግሌ «በስድሳዎቹ ዓመታት» ሲሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ከ1960 እስከ 1969 ዓ.ም. ያለውን ጊዜ ማለታቸው ነው፤ ይህም በአውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1967 መስከረም እስከ 1977 ይደርሳል። የውጭ አገር ጸሐፊ ግን ስለ «ስድሳዎቹ» ሲጽፍ የሚያስበው በኢትዮጵያ አቈጣጠር ከ1952 እስከ 1962 ዓ.ም. ያለውን ነው። እነዚህ ሁለት «ስድሳዎች» የሚገናኙት ከሁለት ዓመት ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ብቻ ነው። አንደኛው ገና እንደ ጀመረ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1960) የክብር ዘበኛው መፈንቅለ መንግሥት የተሞከረበት ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ በመካከሉ አብዮቱን የያዘ ነው። ስለዚህ ሁለቱን አደባልቆ አንድ «ወርቃማ ዘመን» የሚል ስም የሚሰጥ ሰው፣ ሳያስተውለው ሁለት ልዩ ልዩ ከተሞችን አንድ ያደርጋል።

ይህን መደባለቅ ያጠናከረው ደግሞ ሸክላው ነው። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ በፓሪስ «ኤትዮፒክ» በሚል ስም ያሰናዳቸው ተከታታይ ዲስኮች የዚያን ዘመን ሙዚቃ ለዓለም አሰምተዋል፤ ለዚህም ምስጋና ይገባቸዋል። ሆኖም የመጀመሪያው ዲስክ የያዘው እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1975፣ «ስዊንጊንግ አዲስ» የተባለው ስምንተኛውም ከ1969 እስከ 1974 የተቀረጹትን ዘፈኖች ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ሸክላ የማሳተምና የማስመጣት መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ስለ ነበረ፣ አቶ አምሐ እሸቴ ይህን ገደብ ተዳፍረው እ.ኤ.አ. በ1969 የግል ማሳተሚያ እስኪያቋቁሙ ድረስ ለገበያ የወጣው ዘመናዊ ዘፈን ጥቂት ነበር። እንግዲህ በ1950ዎቹ ዓ.ም. በክበቦች ውስጥ የተሰማው ሙዚቃ አብዛኛው ከአዳራሹ አልወጣም። ዛሬ አንድ ተራኪ ዐይኑን ጨፍኖ የዚያን ዘመን ድምፅ ሰማሁ ሲል፣ የሚሰማው በእርግጥ የኋለኛው ዘመን ሸክላ ሊሆን ይችላል። በሌላ አነጋገር ጆሮው የሰማውና ሸክላው ያስታወሰው በአንድነት ተሰፍተዋል፤ ስፌቱም አይታይም።

ሁለተኛው ነጥብ ሙዚቀኞቹ እነማን ነበሩ የሚለው ነው። የትዝታው ተራኪዎች ሙዚቀኛውን እንደ ነጻ ሰው፣ እንደ ከተማው ጌጥ አድርገው ይሥሉታል። እውነተኛው ሁኔታ ግን ይለያል። የኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ ያደገው በመንግሥት ደመወዝ ነው። ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባ የአርመን ልጆችና መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ለዚህ መሠረት ጣሉ፤ የወንድማቸው ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያንም በ1948 ዓ.ም. በተከፈተው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርና በሌሎችም ጓዶች ብዙ ሙዚቀኞችን አሠለጠኑ። ጥላሁን ገሠሠና ብዙነሽ በቀለ በክብር ዘበኛ፣ ዓለማየሁ እሸቴ በፖሊስ ኦርኬስትራ ይዘፍኑ ነበር። መሣሪያው የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ነው፤ ሙዚቀኛውም በአለቃ የሚታዘዝ ነው። ከታኅሣሥ 1953ቱ ግርግር በኋላ ጥላሁን መታሰሩ የሚያስረዳው ይህንኑ ነው፤ የወታደር ቤት ዘፋኝ የወታደሩ ቤት ሲናወጥ አብሮ ይናወጣልና። የክበቡን ሌሊት እንደ ፍጹም ነጻነት የሚተርክ ሰው፣ መድረክ ላይ ያለው ሰው በማግስቱ ጧት ለሰልፍ ሊጠራ የሚችል መሆኑን ዘንግቶታል።

የማሕሙድ አሕመድ ታሪክ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በልጅነቱ ሊስትሮ እንደ ነበረ፣ ከዚያም «አሪዞና» በተባለ ክበብ ልዩ ልዩ ሥራ እየሠራ እንደ ኖረ፣ የክብር ዘበኛ ሙዚቀኞች ከመደበኛ ሥራቸው በኋላ ወደዚያ ይመጡ እንደ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1962 ግድም አንድ ሌሊት ዘፋኙ ሲቀር ተተክቶ እንደ ዘፈነና ከዚያ በኋላ ከጓዱ እንደ ገባ በሰፊው ይነገራል። ይህን የሚተርኩ ሰዎች አጥብቀው የሚናገሩት ስለ ዕድሉ ነው። ለባህል ተመራማሪ ግን ከዕድሉ ይልቅ ሌላው ነገር ይበልጣል። አንደኛ፣ ክበቡ በመንግሥት ደመወዝተኛና በመንገድ ልጅ መካከል የተከፈተ በር እንደ ነበረ ያሳያል። ሁለተኛ፣ ዘፈኑን ማንም ቁጭ አድርጎ ያላስተማረው አገልጋይ በየሌሊቱ እየሰማ ማጥናቱን ይገልጻል። ይህ ደግሞ የአዝማሪ ልጅ ከአባቱ መሰንቆ አጠገብ ተቀምጦ ከሚማርበት ሥርዓት እምብዛም የራቀ አይደለም። ስለዚህ ተረት የሚመስለው ታሪክ ውስጥ ስለ ሙያ አተላለፍ ጠቃሚ ምስክርነት አለ፤ ተራኪዎቹ ግን እግረ መንገዳቸውን አልፈውታል።

ከአዝማሪ ጋር ያለው ዝምድና በዚህ አያበቃም። የትዝታው ተራኪዎች ክበቡን ከውጭ እንደ መጣ ዕቃ ያዩታል። የውጭው ተጽዕኖ እርግጥ ነው፤ አስመራ በነበረው የአሜሪካኖች የቃኘው ጣቢያ ራዲዮና በሸክላ አማካይነት አዲስ ድምፅ ገብቷል። ዓለማየሁ እሸቴንም ከኤልቪስ ጋር ያነጻጸሩት ያለ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን ጌታቸው መኩሪያ በሳክሶፎኑ ያሰማው ሽለላ ነበር፤ የጦር ሜዳው ድምፅ ከጀግናው ጉሮሮ ወጥቶ ወደ ናስ ቧንቧ ገባ እንጂ አልጠፋም። የተለወጠው ሌላ ነው። በአዝማሪ ቤት እንግዳው ራሱ የሙዚቃው ተካፋይ ነው፤ «ተቀበል» ብሎ ግጥም ይሰጣል፣ አዝማሪውም ተቀብሎ ያዜማል፣ ሰምና ወርቁ በተገባ ጊዜ ቤቱ ይስቃል፣ ሽልማቱም በግንባር ላይ ይለጠፋል። በክበቡ ግን እንግዳው ቃሉን ተነጥቆ በምትኩ እግሩን አገኘ። ግጥም መስጠቱ ቀረና መደነስ መጣ። ትከሻ ለትከሻ ሳይነካካ እስክስታ ይወርድ የነበረ ሰው፣ ወንድና ሴት ተያይዘው በሚደንሱበት ወለል ላይ ቆመ። የዚያ ሌሊት ትልቁ ለውጥ ይህ ሆኖ ሳለ፣ ስለ እርሱ የሚናገር ትዝታ ጥቂት ነው፤ ለተራኪው የዘፋኙ ስም ከራሱ አካል ይበልጥ ክቡር ሆኖበታልና።

ሦስተኛው ነጥብ «እስኪነጋ ጨፈርን» የሚለው ቃል ነው። በየትኛውም ትረካ ውስጥ ይህ ቃል አይታጣም፤ የሚሰጠው ትርጉምም ሁልጊዜ ደስታ ነው። ነገር ግን ከመስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. በኋላ በዐዲስ አበባ ለብዙ ዓመታት የሰዓት እላፊ ተደንግጎ ነበር። በዚያ ዘመን ወደ ሂልተን ሆቴል የሄደ ሰው ዋልያስ ባንድን እየሰማ የሚያነጋው ሌሊቱ ስለ ጣፈጠው ብቻ አይደለም፤ እኩለ ሌሊት ላይ ወደ ቤቱ መመለስ ስለማይችልም ነው። በሩ ተዘግቶ ሙዚቀኞቹ እስኪነጋ ይጫወታሉ፤ ውጭ ያለው የጠመንጃ ጊዜ ነው። እንግዲህ አንዱ «እስኪነጋ» የነጻነት ነው፣ ሌላው የእገዳ ነው። ሁለቱን በአንድ ቃል የሚናገር ተራኪ አልዋሸም፤ ቢሆንም አድማጩ ካልጠየቀው የሁለቱን ሌሊቶች ልዩነት አያወጣውም። ዋልያሶች እ.ኤ.አ. በ1981 ወደ አሜሪካ በሄዱ ጊዜ አንዳንዶቹ በዚያው መቅረታቸው፣ የሌሊቱን ሁለተኛ ትርጉም ከማንኛውም ትረካ ይልቅ አጥብቆ ይናገራል።

እንዲህ ያለው መደባለቅ ከመርሳት ብቻ የመጣ አይደለም፤ ቅርጽም አለው። ትዝታ በአማርኛ የኅሊና ሥራ ስም ነው፣ የዘፈን ስም ነው፣ የቅኝትም ስም ነው። በትዝታ ዘፈን ውስጥ ዘፋኙ የራቀችውን ሰው ይጠራል፤ ቀንና ዓመት አይቈጥርም፤ የራቀችውን ነቀፋ አይነካትም፤ የአሁኑ ጊዜ የሚታወቀው በጉድለቱ ብቻ ነው። ስለ ምሽት ክበብ የሚነገረው ትረካም ይህንኑ መንገድ የተከተለ ነው። ቀን የለውም፤ ነቀፋ የለውም፤ ዛሬን የሚጠራው ለመውቀስ ብቻ ነው። ተራኪው ታሪክ የሚናገር መስሎት በቅኝት ይናገራል፤ ቅኝቱም የማይስማማውን ድምፅ ሁሉ ያስወጣል። ሒሳብ የተጣላ ሰው፣ ፖሊስ፣ የተበደረ ሱሪ፣ ከበር የተመለሰ እንግዳ ከትረካው የሚጠፉት በዚህ ምክንያት ነው።

ከሁሉ ይበልጥ የሚጠፉት ደግሞ በእነዚያ ቤቶች ሲያገለግሉ የነበሩት ሴቶች ናቸው። ውቤ በረሃ በተራኪዎች አንደበት የጨዋታ ሰፈር ነው፤ ለብዙ ሴቶች ግን የእንጀራ ቦታ ነበር። የስብሐት ገብረ እግዚአብሔር «ሌቱም አይነጋልኝ» በዚህ ረገድ ከሽማግሌዎች ትዝታ የተለየ ዋጋ አለው። መጽሐፉ ስለዚያው ሰፈር የተጻፈ ልብ ወለድ ነው፤ ለረጅም ጊዜም ሳይታተም ቆይቷል። ልብ ወለድ ማስረጃ አይደለም ቢባል እንኳ፣ ሌሊቱን ከሚከፍለው ሰው ሳይሆን ከሚከፈላት ሴት ጎን ሆኖ ማየት እንደሚቻል አስረድቷል። ርእሱ ራሱ «እስኪነጋ» ለሚለው የደስታ ቃል መልስ ይመስላል።

እንዲሁም በዘመኑ ወጣቶች ሁሉ አንድ ልብ እንዳልነበራቸው መታወስ አለበት። በመጋቢት 1960 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1968) በዩኒቨርሲቲው የተሰናዳውን የልብስ ትርኢት ተማሪዎች ተቃውመው ረብሻ ተነሥቷል፤ አጭር ቀሚስና የውጭ ዘይቤ ለእነርሱ የባህል ወረራ ምልክት ነበርና። ቀን የተቃወመና ማታ የደነሰ ተማሪ ሊኖር ይችላል፤ እንዲያውም ይህ ቅራኔ የዘመኑ እውነተኛ መልክ ነው። ትዝታው ግን ማታውን ብቻ አስቀርቶልናል።

ይህን ሁሉ አይቶ ትዝታውን እንደ ከንቱ ወሬ መጣል የሚሻ ሰው ይኖር ይሆናል። ይህ ግን ሌላ ስሕተት ነው። የመንግሥት መዝገብ የደመወዝተኞችን ስም ይዞ ይሆናል፤ ሰው በወለሉ ላይ እንዴት እንደ ቆመ ግን አይነግርም። ሸክላው ድምፁን ይዟል፤ አድማጩ መቼ እንደ ጮኸ አይነግርም። ይህን የሚያውቀው በዚያ የነበረ ሰው ብቻ ነው። ጥላሁን ገሠሠ በ2001 ዓ.ም.፣ ጌታቸው መኩሪያ በ2008፣ ዓለማየሁ እሸቴና አቶ አምሐ እሸቴ በ2013 ዐርፈዋል። መድረኩን የሚያውቁት እየጐደሉ ሲሄዱ ወለሉን የሚያውቁትም እየጐደሉ ናቸው፤ የአገልጋዮቹ፣ የበር ጠባቂዎቹና የሴቶቹ ቃል ግን እስካሁን ከዘፋኞቹ ቃል በጣም ያነሰ ተጽፏል።

ስለዚህ ትዝታ የሚሰበስብ ተማሪ አጠያየቁን ሊለውጥ ይገባዋል። «ዘመኑ እንዴት ነበር?» ብሎ የጠየቀ ሰው ዘፈን ይሰማል፤ ዘፈንም መልካም ነው፤ ሆኖም ለዚህ ጥናት አይበቃም። በየትኛው አቈጣጠር፣ ከጥላሁን እስር በፊት ወይስ በኋላ፣ ከሰዓት እላፊው በፊት ወይስ በኋላ ብሎ ይጠይቅ። መግቢያውን ማን ከፈለ፣ ማን ማንን ለዳንስ ጠየቀ፣ እምቢ ያለችው ምን ሆነች፣ ሙዚቀኛው በየት በር ገባ፣ ሌሊቱ ሲያልቅ ማን በመኪና ማን በእግሩ ሄደ ብሎ ይጠይቅ። ተራኪው በዘፋኙ ስም ላይ ቢሳሳት ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ ከሌላ ቦታ ይታረማል። የሄደበትን መንገድና የመለሰውን ሒሳብ የሚያውቅ ግን ከእርሱ በቀር ሌላ የለም፤ የትዝታው ዋጋም የሚገኘው በዚህ ነው።