ፊደሉ ሲበርር ማን ያነባል?

ባለፈው የበረዶ ወራት እዚሁ ኖርዝላንድ፣ ከሞርስ ሮድ ፈንጠር ብሎ በሚገኝ የኪራይ አዳራሽ በአንድ እድር ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ተገኝቼ ነበር። ቡናው ተፈልቷል፣ ዳቦው ተቆርሷል፣ ግድግዳው ላይ የኮምፒዩተር ምስል በርቷል። ከኮሚቴው አንዱ ወጣት ሁለት ሌሊት ሙሉ እንደደከመበት ሰምተናል። ርዕሱ ከታች ብቅ አለና እንደ እንዝርት ሁለት ጊዜ ዞሮ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ የመተዳደሪያ ደንቡ አንቀጾች አንዱ ከግራ፣ አንዱ ከቀኝ እየበረሩ መጡ፤ በየመሐሉም ጭብጨባ ይሰማል። ልጆቹ ሳቁ። አጠገቤ የተቀመጡት አዛውንት መነጽራቸውን አውልቀው፣ ጠርገው መልሰው እስኪያደርጉት አንቀጹ የለም።

«ምን አለ ልጄ?»

«አልፏል አባባ።»

ያለፈው ግን ቀላል ነገር አልነበረም። ሦስት ወር በተከታታይ መዋጮ ያልከፈለ አባል የአስከሬን መሸኛ ገንዘብ አያገኝም የሚል አንቀጽ ነበር። እጅ ይውጣ ተባለ፣ እጅ ወጣ። ከጥቂት ወራት በኋላ ባለቤታቸው ያረፉባቸው አንዲት እናት ይህን ደንብ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰሙት በልቅሶው ቤት ነው። በጉባኤው ዕለት ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነበሩ፤ እጃቸውንም አውጥተዋል። «በስክሪን ታይቷል እኮ» ተባሉ። እውነት ነው፣ ታይቷል። እኔም አይቼዋለሁ፤ ወሩ ሦስት ይሁን ስድስት ግን በማግሥቱ ብጠየቅ አልመልስም ነበር።

ወጣቱን ለመውቀስ አይደለም ይህን የምጽፈው። ፓወርፖይንት የሚባለው ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1987 በሮበርት ጋስኪንስና በዴኒስ ኦስቲን አማካይነት ለማኪንቶሽ ኮምፒዩተር ሲወጣ ጥቁርና ነጭ ብቻ ነበር፤ ሥራውም በመብራት ግድግዳ ላይ የሚጣሉትን ግልጽ ወረቀቶች ማዘጋጀት ነበር። ማይክሮሶፍት በዚያው ዓመት ኩባንያውን በ14 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። እንቅስቃሴው የተጨመረው በኋላ ነው፤ ዛሬ የሚበርረው፣ የሚነጥረው፣ የሚሽከረከረው፣ የጭብጨባውና የገንዘብ መቁጠሪያው ድምፅ ሳይቀር ተደርድሮ ይጠብቃል። ዕቃ ቤቱ ሁሉ ወለል ብሎ ተከፍቶለት አንዱንም ሳይነካ የሚወጣ ወጣት ከየት ይመጣል?

የእኛ ፊደል ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። በ፣ ቡ፣ ቢ፣ ባ የሚለያዩት በትንሽ ቅጥልና በእግር ርዝመት ነው። ፊደሉ ሲሽከረከር ከዓይን ቀድማ የምትጠፋው ያቺው ቅጥል ናት፤ ስለዚህ ቆሞ እስኪረጋ ድረስ ማንበብ አልተጀመረም ማለት ነው። በድሮዎቹ የአማርኛ ፕሮግራሞች የተጻፈ ከሆነማ ባሰ፤ የግዕዝ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ከመግባቱ በፊት የተሠሩት በሰው ኮምፒዩተር ላይ ሲከፈቱ የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ይሆናሉ። መፍትሔው ፒዲኤፍ አድርጎ ማስቀመጥ ነው። እንቅስቃሴው አብሮ ይጠፋል፤ እኔ ኪሳራ አልለውም።

ሆኖም እንቅስቃሴ ሁሉ ከንቱ ነው ብዬ እንዳልሳሳት፣ በአንድ የጤና ቀን ያየሁትን ልንገራችሁ። አንዲት የነርስነት ተማሪ ስለ ስኳር በሽታ ስታስረዳ አንድ ቤት ሣለች፤ በሩ ተዘግቷል። ስኳሮቹ ቀያይ ኳሶች ሆነው ደጅ ላይ ተከማችተዋል። ኢንሱሊን ቁልፍ ሆኖ መጣ፣ በሩ ተከፈተ፣ ኳሶቹ ገቡ። በቃ፤ ሦስት እንቅስቃሴ፣ ድምፅ የለ፣ ጭብጨባ የለ። አንዲት እናት ብድግ ብለው «ታዲያ የእኔ ቁልፉ ነው የጠፋው ወይስ በሩ ነው የዛገው?» አሉ። ሁለቱን ዋና ዋና የስኳር ዓይነቶች የሚለየው ይኸው ጥያቄ ነው፤ በአንደኛው ኢንሱሊኑ ራሱ ይጠፋል፣ በሁለተኛው ሰውነት ለኢንሱሊን አልታዘዝ ይላል። እዚህ ላይ የተንቀሳቀሰው ራሱ የሚንቀሳቀሰው ነገር ነው። የእድር አንቀጽ ግን በተፈጥሮው አይበርርም።

የንግሥተ ሳባን ታሪክ በሸራ ላይ የሚሥሉት ሠዓሊዎቻችን ታሪኩን በትናንሽ ክፍሎች፣ ብዙውን ጊዜ በ44፣ ይደረድሩታል። ተመልካቹ በራሱ ፍጥነት ይሄዳል፤ ያልገባው ወደ ኋላ ይመለሳል። ስክሪኑ ይህን መብት ከተመልካቹ ወስዶ ቁልፍ ለሚጫነው ሰው ይሰጣል። እንግዲያውስ ያ ሰው አንዱን አንቀጽ ብቻውን ብቅ ያድርግ፣ ጮክ ብሎ ያንብበው፣ ድምፅ እስኪሰጥበትም ከቦታው አያንቀሳቅሰው። ክርክር ሲነሣ «ቢ» የምትለዋን የእንግሊዝኛ ፊደል ቢጫን ስክሪኑ ይጠቁራል፤ ሰዉም ፊቱን ወደ ተናጋሪው ይመልሳል። ደንቡንም በወረቀት አባዝቶ ማደል ብዙ ወጪ የለውም።

የሰርግ ስላይድን በተመለከተ እጄን አላስገባም። እዚያ ልቡም ይብረር፣ ጽጌረዳውም ይዝነብ።

ያ አንቀጽ በሚቀጥለው ጉባኤ እንደገና እንዲታይ ተወስኗል። ወጣቱን አግኝቼ የታዘብኩትን ነገርኩት፤ ቅር አላለውም። አንቀጾቹ ሳይበርሩ ቀጥ ብለው እንዲቆሙ ተስማማ። «የመጀመሪያዋን ገጽ ግን እንደምትሽከረከር ልተዋት?» ሲል ለመነኝ። አንዴ ብቻ ትዙር ተባብለናል።