የስሜኑ አጥንት በል

በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ ጨነቅ ላይ ከገደሉ አፋፍ ቁልቁል የሚያይ ሰው ባለ ጺሙን ጥንብ አንሳ ከእግሩ በታች ሲያንዣብብ ያገኘዋል። ከጫፍ እስከ ጫፍ 2 ሜትር ተኩል ገደማ የሚሆነው ክንፉ፣ ዝገት የመሰለው ደረቱ ጥርት ብሎ ይታያል። ያ ቀለም አብሮት የተፈጠረ አይደለም፤ ብረት ባለው ቀይ ጭቃ እየታጠበ የሚቀባው ነው።

ሌሎቹ ጥንብ አንሳዎች የሞተውን እንስሳ ሥጋ ሲጨርሱ እሱ ለአጥንቱ ይመጣል። የማይዋጥለትን ቅልጥም ይዞ ሽቅብ ይወጣና ድንጋይ ላይ ይለቀዋል፤ ካልተሰበረ አንስቶ እንደገና ይለቀዋል። ስብርባሪውን ከነስለቱ ይውጠዋል፣ የጨጓራው አሲድም ያሟሟዋል። ከዚህ የሚበልጥ የተራራ ጽዳት ሠራተኛ አላውቅም።

በአልፕስ ተራሮች ግን ግልገል ይነጥቃል፣ ሕፃን ይወስዳል እየተባለ እስኪጠፋ ድረስ ተገደለ። በ1978 ዓ.ም. ኦስትሪያ ውስጥ፣ በሰው እጅ የተፈለፈሉ ጫጩቶች መብረር ሳይጀምሩ ገደል ላይ በተሠራ ጎጆ ተቀመጡ፤ ሰው እንዳይለምዱም ምግባቸው በስውር ይቀርብላቸው ነበር። ዛሬ ዘራቸው እዚያው ይራባል። እኛ ዘንድ ይህ ሁሉ ድካም ሳያስፈልግ ወፉ አለ፤ በአፍሪካ ብዙው የሚገኘውም በኢትዮጵያ ደጋ ነው። ለጅብና ለውሻ የሚቀመጥ መርዝና የኤሌክትሪክ ሽቦ ግን እሱንም ይገድሉታል።

ክንፉ ተሰብሮ ያገኘው ሰው ነጠላውን ጣል ያድርግበት፤ ዓይኑ ሲሸፈን ይረጋጋል። እግሩን አጥብቆ ይያዝ፣ አየር በሚያስገባ ጨለማ ካርቶን ያኑረው፣ ውኃ በግድ አይጋተው። ከዚያ ደባርቅ ላለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ወይም በአቅራቢያው ላለ የፓርኩ ጠባቂ (ስካውት) ይንገር።